ባለፀጉሩ

"እንግዲህ ከዚህ ጀምር" አለ ኢሳ፣ የጭነት መኪናውን ከሾላው ሥር አቁሞ። "ባምላኩ ቤት ድምፅ የሚሰማው ከዚህ ነው። ከዚህ ዝም ብለህ ካለፍህ፣ ዝም ብሎ ገባ ነው የሚሉህ።"

ገነነ የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። ከሾላው ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና በቆሎ የታጨደበትን ማሳ አቋርጦ፣ በርበሬ የተሰጣበትን አውድማ ታክኮ፣ ድንኳን የተተከለበት ግቢ ውስጥ ይገባል። ድንኳኑ ከዚህ ሲያዩት መሐረብ ያክላል። እዚያ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ የሟች ታናሽ ወንድም ዛሬ ከአዲስ አበባ እንደሚገባ ያውቃል። ጆሮውን ወደ ሾላው ጥሎ ነው የሚጠብቀው።

ወጉ የታወቀ ነው። ቀብር ያልደረሰ ዘመድ ከሩቁ እያለቀሰ ይመጣል። ግቢ ያሉት ድምፁን ሰምተው ይነሳሉ፣ ወጥተው ይቀበሉታል፣ ለቅሶውም እንደ መጀመሪያው ቀን ይሞቃል። ገነነ ይህን ወግ በመድረክም በካሜራ ፊትም ስንት ጊዜ እንደሠራው አያስታውስም። አንድ ጊዜ የልጁን ሬሳ አቅፎ አልቅሶ ከጨረሰ በኋላ ድምፅ ቀጂው ማሽኑን እንዳልከፈተው ተናገረና እንደገና አለቀሰ። ሁለተኛው ይሻላል ተብሎ ተጨብጭቦለታል።

አሁን ግን አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

"ትንሽ ይታገሱኝ አያ ኢሳ። ልዘጋጅ።"

"ለወንድም ለቅሶም ዝግጅት አለው እንዴ?"

ኢሳ ይህን ያለው ለክፋት አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ላይ እህልና በርበሬ የሚነግድ ሽማግሌ ነው። ከባምላኩ ጋር ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ተዋውቀው፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ድረው፣ በየበዓላቸው ሥጋቸውን ለየብቻ እየበሉ ጨዋታውን አብረው የተጫወቱ ወዳጆች ናቸው። መርዶውን ለገነነ የላከው እሱ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩም ተቋርጦ ስለሰነበተ፣ መርዶው አዲስ አበባ ሲደርስ ባምላኩ ተቀብሮ ሠልስቱም አልፏል። መንገዱ ሲከፈት ገነነ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ መጣ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከመራዊ የተሳፈረች ሴት አፍጥጣ ስታየው ቆየችና፣ የዚያችን ባሏ የሞተባትን ምስኪን ቤት እንዲመልስላት መከረችው። ቤቱን የወሰደው ድራማ ላይ፣ ከሰባት ዓመት በፊት ነበር። ገነነ እመልሳለሁ አላት። ሴትዮዋ አላመነችውም። ፍኖተ ሰላም እስኪደርስ ድረስ ቦርሳዋን ከእሱ ወዲያ ባለው ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተጓዘች።

ገነነ የታወቀ ሰው ነው፤ ስሙን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ከጆንያ የተሰፋ ካባ ለብሶ የጀመረ ሰውዬ፣ በአውራጃው የኪነት ቡድን አልፎ አዲስ አበባ ገባና አርባ ዓመት በሰው ጀርባ ቆመ። ንጉሥ ሆኖ አያውቅም፤ ለንጉሥ መጥፎ ወሬ ይዞ ያልገባበት መድረክ ግን የለም። ዳኛ፣ ዘበኛ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ አራጣ አበዳሪ፣ ጠንቋይ፣ የጠንቋይ በር ከፋች ሆኗል። ሞቷልም። በጥይት ሞቷል፣ በመርዝ ሞቷል። አንዴማ ደራሲው የሚያደርገው ቢጠፋው በሁለተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ መንገድ ሲሻገር በመኪና አስገጭቶታል። መንገድ ላይ የሚያየው ሰው እጁን ጨብጦ "ዳኛው!" ወይም "አንተ ቀጣፊ!" ይለዋል እንጂ ገነነ ብሎ የሚጠራው የለም።

ታዲያ ከጥቂት ዓመት በፊት የጠፋ ልጁን ፍለጋ ከተማ የሚገባ አንድ ገበሬ እንዲሆን ተጠየቀ። በሦስት ክፍል የሚያልቅ ትንሽ ቦታ ነበር። ገነነ ገበሬውን ከየት እንደሚያመጣው ሲጨነቅ ሰነበተና፣ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሳያስበው ባምላኩን ለበሰው። ከመናገሩ በፊት የሚያስላትን አጭር ሳል፣ በትሩን በትከሻው አግድሞ ሁለት እጁን የሚሰቅልበትን አኳኋን፣ ለሕፃን ልጅ ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚልበትን። ከሁሉም በላይ ዝምታውን። ባምላኩ አንድ ነገር ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስም፤ ጠያቂው በመጠየቁ እስኪጸጸት ድረስ ዝም ይላል። ተመልካች ያንን ዝምታ ወደደው። ሦስቱ ክፍል ሠላሳ ሆነ። አሁን ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ገበሬው ዋናው ሰው ሆኗል፤ ከአርባ ዓመት በኋላ የገነነ ስም ከሁሉ በላይ ሊጻፍ ነው።

ትላንት አውሮፕላን ማረፊያ ሳለ ዳይሬክተሩ ቴዎፍሎስ ደወለለት። ልጁ የሚሆን ወጣት ነው። ከልቡ አጽናናው። ከዚያ ትንሽ አመነታና፣ "ጋሽ ገኔ፣ ፀጉሩን አደራ" አለው። "ጢሙንም። ግማሹን ቀርፀን ጨርሰናል፤ ሰኞ ስንቀጥል ያው ሰውዬ መሆን አለብዎት። የአገር ቤት ለቅሶ ላይ እንደሚላጩ ሰምቻለሁ። ፀጉሩ እንኳ ተነካ ቢባል ኮፍያ እናለብሰዋለን፤ ጢሙ ከሄደ ግን ገበሬው ሄደ ማለት ነው።"

ገነነ እሺ አለ። ፀጉር የሚያስከትለውን ነገር ከቴዎፍሎስ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። እናታቸው የሞተች ጊዜ፣ ትያትር ላይ ዳኛ ስለነበር፣ የዳኛውን ሽበት ተሸክሞ መጣ። ሐዘንተኛው ሁሉ ተላጭቶ ተቀምጧል። ባምላኩ የተላጨ ራሱን ቀና አድርጎ አየው፣ አየው፣ ከዚያ አጭሯን ሳል ስሎ፣ "ፀጉርህ ሥራ ላይ ነው?" አለው። የተቀመጠው ሰው በሐዘን መሀል ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገነነ በአገሩ ስም ወጣለት፤ ባለፀጉሩ። በየበዓሉ ይደውላል፣ ባምላኩም እግዜር ይስጥህ ይለዋል። እግሩ ግን ወደዚህ ተመልሶ አያውቅም።

ከመኪናው ወረደና ቁልቁለቱን ያዘ።

ለቅሶ የሚመጣበትን በር ያውቃል። ሲፈልግ የሚከፍተው አንድ ትዝታ አለው፤ በነሐሴ ብር የሚባለው ወንዝ ሞልቶ፣ ባምላኩ ማጅራቱ ላይ እሽኮኮ አድርጎት ሲያሻግረው። ውሃው ባምላኩ ደረት ላይ ደርሷል። "ወደ ውሃው አትይ፤ እኔን ብቻ ያዝ" ይለዋል። ገነነ በዚያ ትዝታ ለማያውቃቸው ሙታን ሁሉ አልቅሷል። ለንጉሥ ልጅ፣ ለአራጣ አበዳሪ ሚስት፣ ለተረሸነ ወታደር። ዛሬም ወደዚያው ሄደ፤ ወንዙን አመጣው፣ ማጅራቱን አመጣው፣ ድምፁን አመጣው። ምንም አልሆነም። ትዝታው ብዙ እንደታጠበ ነጠላ ሳስቶ፣ በወዲያ በኩል የትያትር አዳራሽና ወንበር ይታያል።

ከኋላው ድንገት ድምፅ ተሰማ። ኢሳ ነበር። መኪናውን ቆልፎ ሲከተለው ሳያስበው ሆዱ ባብቶ፣ "ባምላኩ ወንድሜ፣ ወንድሜ" እያለ መንገዱ መሀል ቆሞ ያለቅሳል። ግቢ ያሉት የሰሙት ያንን ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ወጡ። ሮጠው ሲደርሱ የሚያለቅሰው የበርበሬ ነጋዴው፣ ዝም ያለው ተዋናዩ ሆኖ አገኙት። አንዲት ባልቴት ከገነነ ወደ ኢሳ፣ ከኢሳ ወደ ገነነ አየችና የምታቅፈውን መርጣ ኢሳን አቀፈች።

ገነነ አንገቱን ደፍቶ ግቢ ገባ። ድንኳኑ ሥር ደርሶ ቀና ሲል፣ ከፊት ለፊቱ ራሱን አየ።

የሰው ቁመት በሚያህል ሸራ ላይ የታተመ ሥዕል ነው። ማዕዘኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ ታስሯል። ከሥሩ በደማቁ "አቶ ባምላኩ" ተብሎ፣ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት ተጽፏል። ከላይ ያለው ፊት ግን የገነነ ነው። ሽበቱ የእሱ ነው፤ በሜካፕ ሠራተኛዋ ቅልጥፍና ከጆሮው እስከ አገጩ የተከረከመው ጢም የእሱ ነው። ትከሻው ላይ ያለችው ቀጭን አረንጓዴ ጥለት ያላት ጋቢ የድራማው አልባሳት ክፍል ንብረት ናት። በትሩን በትከሻው አግድሞ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎ፣ የማይመጣ ልጅ የሚጠብቅ ገበሬ ሆኖ ቆሟል።

ወደ ኋላ ሸሸ። ኢሳ ባይደግፈው ወድቆ ነበር። ያየ ሁሉ ሐዘኑ አሁን ገና እንደገባው ቆጠረና ለቅሶው ከአጥር አጥር ተነሳ። አልቃሿ ወደ ሥዕሉ ዞራ፣ ያንን ባለጥለት ጋቢህን ለማን ትተኸው ሄድህ እያለች ሙሾ ማውረድ ጀመረች። ሰው ተከተላት። ገነነ የአልባሳት ክፍሏ ኃላፊ ትዝ አለችውና፣ በዚህ ሰዓት እሷ ትዝ ስላለችው በራሱ አፈረ።

ለቅሶው በረድ ሲል ዙሪያውን ተመለከተ። የባምላኩ ልጅ ደረሰ ድንኳኑ ጥግ ተላጭቶ ተቀምጧል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ደረሰ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ገነነ፣ ልጁም እንደሚያውቅ ገባው።

ከምሳ በኋላ የሟች ሚስት አቻምየለሽ ወደ ጓዳ ጠራችው። ልጅ ሆኖ ጠላ ስትጠምቅ እንጨት ያቀበላት፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ ስንቅ የቋጠረችለት ሴት ናት። አሁን ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ወገቧን በገመድ ታጥቃ፣ ከዱቄት ማድጋው አጠገብ መደብ ላይ ተቀመጠች።

"አየኸው" አለችው።

"አየሁት እት አቻም።"

"እኔ ያወቅሁት በጋቢው ነው። የሱን ጋቢ እኔ ነኝ የፈተልሁት። ጥለት የለውም።"

ቀጥላ፣ ደረሰን እንዳይቆጣው ለመነችውና ነገሩን ዘርዝራ ነገረችው። ባምላኩ ፎቶ መነሣት አይወድም ነበር። ያለው የመታወቂያው ብቻ ነው፤ እሱም ላብና ዝናብ በልቶት አፍንጫው ከጉንጩ አይለይም። የሞተ ዕለት ደረሰ የአባቱን ስልክ ለከተማ ፎቶ ቤት ሰጠና፣ ከውስጡ ጥርት ያለችውን የአባቴን ሥዕል አሳድግልኝ ብሎ ከፈንና ድንኳን ሊያሰናዳ ሮጠ። ፎቶ አንሺው ስልኩ ውስጥ አንድ ጥርት ያለ ሽማግሌ አገኘና እሱኑ አሳደገው። ሸራው ተጠቅልሎ መጣ፤ የተፈታው ሰው ከሞላ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ አየውና በአንድ ድምፅ አለቀሰ። ደረሰ ራሱ ሸራውን አቅፎ ወደቀ። ለምን ያ ጢም እንዲያ እንዳማረ ልብ ያለው በማግሥቱ ጠዋት ነው።

"መልካችሁ ድሮም አንድ ነው" አለች አቻምየለሽ። "የኔ ልጅ ግን የአባቱን ፊት ከፊልም ሠሪ ፊት ያልለየ ልጅ ሊባል ነው። ይኸ ከወጣ እዚህ አገር ቀና ብሎ አይሄድም። በልጅ ልጁ ይነገራል።"

ገነነ ባለፀጉሩ የተባለ ሰው ነውና ይህን አልተጠራጠረም። እዚህ አገር ስም ለማውጣት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

"ባምላኩ ግን እኔን ስልኩ ላይ ምን ያደርገኛል?"

አቻምየለሽ የገመዷን ጫፍ እየፈተለች ቆየች።

"ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ኢሳ ሱቅ ቴሌቪዥን አለ። ሰው ተሰብስቦ አንተን ያያል። መጀመሪያ ሰሞን ተናዶ ነበር። ገበያ መሀል ሲያስል ይስቁበታል፣ በትሩን ሲያግድም ይስቁበታል። ሳይነግረኝ ሸጠኝ አለ። በትሩንም ትቶ መሄድ ጀመረ።"

"እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። በስልክ እንኳ።"

"ለምን ይልሃል? እሱ ተናግሮ ያውቃል? አንድ ቅዳሜ ግን ማታ ሲገባ ሳቅ ሳቅ ብሎት ገባ። ምነው ብለው፣ 'አቻም፣ ይኸ ልጅ አልረሳኝም' አለኝ። 'እዚህ መምጣት ቢያፍር፣ እኔን ይዞኝ ሄዷል' አለኝ።" ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቀርቶበት አያውቅም። በትሩንም መልሶ ያዘው። ሥዕሉን የኢሳ ልጅ ነው ስልኩ ላይ የጫነለት። ያያታል፣ መልሶ ይከታታል። ራሱን ሊያይ አልነበረም የሚሄድ፤ አንተን ሊያይ ነበር።"

ገነነ ከማድጋው አፍ ላይ የፈሰሰውን ዱቄት በጣቱ ሰበሰበ።

"እኔ ምን ላድርግ እት አቻም?"

"አንተ ዝም ካልህ ማንም አያውቅ። ብቻ ሥዕሉ ሥር አትቀመጥ።"

ጀንበር ዘንበል ሲል የቡሬ ዘመዶች ተመልሰው መጡ። ከእነሱ ጋር ሃይለ ሚካኤል የሚባል ባጃጅ ነጂ የባምላኩ እህት ልጅ አለ። በደግነቱ የሚወደድ፣ ነገር ግን ያየውን ሁሉ ካልቀረጸ ያላየው የሚመስለው ጎልማሳ ነው። የእሱን ስልክ የሚከታተል ሕዝብ ከቡሬ እስከ ነቀምቴ አለ ይባላል። የአጎቱን ቀብር ቀርጾ፣ ጸሎቱን ቀርጾ፣ ቄሱ በዓይናቸው ስለተቆጡት ብቻ ቅዳሴውን ትቶታል። ገነነን እንዳየ ጉልበቱን ስሞ ተነሣና ለአርባው ጥሪ የሚሆን አንድ ፎቶ ጠየቀው።

"አያ ገነነ፣ እስቲ እዚህ ሥዕሉ ሥር ይቀመጡ። ሁለቱ ወንድማማቾች ይባላል። አገር ነው የሚያለቅስ።"

"ይቆይ ልጄ።"

"ምን ይቆያል፣ ብርሃኑ ሳይሄድ።" ስልኩን አንሥቶ በመስታወቱ ውስጥ ወደ ሸራው፣ ከዚያ ወደ ገነነ አዞረ። እንደገና ወደ ሸራው መለሰው። ድምፁ ዝግ አለ። "ይገርማል እኮ። ጢማችሁ ሳይቀር አንድ ነው። አያ ባምላኩን ጢማቸውን እንዲህ ተከርክመው ያየሁ አይመስለኝም።"

አጠገቡ ያሉት ቀና አሉ። ጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ከኪሳቸው ማውጣት ጀመሩ። መነጽሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ስለሆነ ጊዜ ወሰደ። ደረሰ ከተቀመጠበት ግማሽ ተነሣና መልሶ ተቀመጠ። አቻምየለሽ በጓዳው በር ብቅ አለች።

ገነነ ቶሎ አልመለሰም። ሃይለ ሚካኤል በመናገሩ እስኪጸጸት ድረስ ዝም አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ያንን ዝምታ ያውቁታል፤ ዕድሜ ልካቸውን ከዚህ ግቢ የሰሙት ዝምታ ነው። አንዳንዱ ሳያውቀው አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ገነነ አጭር ሳል ሳለ።

"ሐዘንተኛ ሳይላጭ ፎቶ አይነሣም" አለ። "አያ ክንዱ የሉም እንዴ?"

ድንኳኑ ተንሾካሾከ። ባለፀጉሩ ሊላጭ ነው የሚለው ቃል ከሰው ወደ ሰው እስከ አውድማው ሄደ። ክንዱ የመንደሩን ሐዘንተኛ ሁሉ የሚላጩ የባምላኩ ጎረቤት ናቸው። ዛሬ ሥራ ይኖረኛል ብለው ስላልጠበቁ ምላጫቸውን ከቤት ሊያመጡ ሄዱ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ግን ማየት የፈለጉት ነገር ተቀየረባቸውና ከሰው ጋር ወደ ውጭ ወጡ።

ግቢው መሀል፣ የብሳናው ጥላ ሥር በርጩማ ቀረበ። አቻምየለሽ ውሃውን ለሌላ አልሰጠችም፤ ራሷ በጣሳ ይዛ መጣች። ኢሳ ኮቱን አወለቀለትና ያዘለት። የኮቱ ኪስ ይነዝር ነበር። ኢሳ ስልኩን አውጥቶ ከዓይኑ አርቆ አነበበ።

"ቴዎፍሎስ የሚባል ነው። ምን ልበለው?"

ቴዎፍሎስ ከሰኞ በፊት ሊያስታውሰው ነው የደወለው። ገነነ ሰኞን አሰበ። አርባ ዓመት የጠበቃትን፣ ከሁሉ በላይ የምትጻፈውን ስሙን አሰበ። ሌላ ገበሬ ይፈልጋሉ። ወይም ደራሲው የሚያደርገው ይጠፋውና ገበሬውን መንገድ ሲሻገር ያስገጨዋል።

"ፀጉሩ ሥራ ጨርሷል በለው።"

ኢሳ በዚያ የእናታቸው ለቅሶ ቀን በቦታው ነበር። መልሱን ሰምቶ ከንፈሩን ነከሰና ስልኩን ሳያነሣ ወደ ኪሱ መለሰው።

ክንዱ ሥራቸውን ጀመሩ። ምላጩ ከግንባሩ ወደ ማጅራቱ ሲወርድ ደረቅ ድምፅ ያሰማል። ሽበቱ በጉልበቱ ላይ፣ በጫማው ላይ፣ በመሬቱ ላይ ወደቀ። ክንዱ እጃቸውን አሳርፈው አንገቱን ጎንበስ ያደረጉት ጊዜ፣ ባዶ ማጅራቱን ነፋስ ነካው። ወንዙን አልጠራም። ማንንም አልጠራም። ለቅሶው ራሱ መጣ። መልክ የሌለው፣ ንፍጥ ያለበት፣ ትከሻ የሚንጥ፣ ቢቀረጽ ኖሮ ይደገም የሚባል ለቅሶ ነበር። ሃይለ ሚካኤል ስልኩን ዝቅ አድርጎ ወደ ኪሱ ከተተው። የቅድሟ ባልቴት ቀረብ ብላ፣ "አሁን መጣ" አለች፣ ለራሷ። ደረሰ ከድንኳኑ ወጥቶ የአጎቱን ትከሻ ከኋላ ያዘ። ክንዱ ምላጩን አንሥተው፣ ለቅሶው እስኪወጣለት ድረስ ጠበቁት፤ ከዚያ ቀጠሉ።

ሲጨርሱ ራሱን በውሃ አበሱለትና ምላጩን ሊያጥፉ ሲሉ፣ ገነነ እጃቸውን ያዘ።

"ጢሙንም።"

ክንዱ በትክክል ያልሰሙ መሰላቸው። ዙሪያ የቆመውን ሰው አዩ፣ መልሰው እሱን አዩ።

"ጢም እኮ ለሐዘን አይነካም" አሉ። "ሐዘንተኛ እንዲያውም ያሳድገዋል እንጂ። ከተማ ከርመህ ረሳኸው እንዴ?"

"አልረሳሁትም አያ ክንዱ።"

"ታዲያ?"

ገነነ በሰዉ መሀል አሻግሮ ወደ ድንኳኑ ተመለከተ። ሸራው ላይ ባምላኩ በትሩን በትከሻው አግድሞ፣ ያንኑ ጢም ተከርክሞ፣ የሚመጣ ሰው እየጠበቀ ቆሟል። አቻምየለሽም ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ምንም ሳትል ጣሳውን ዘንበል አድርጋ የገነነን ጉንጭ አረጠበችው።

"ይላጩት" አለና ገነነ አገጩን ቀና አደረገ።